መሬቷስ? «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከጉንደ ወይን ሆኖ ማንበብ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ጉንደ ወይንን ያገኛል። ከተማዋ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሞጣ ያለችበት የጎረቤት አገር ደግሞ ሁለት እጁ እነሴ ይባላል። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ሒሳቡን ወዲያው ይደርስበታል። ሲሶው እዚህ፣ ሁለት እጁ እዚያ፤ ሲደመሩ አንድ እነሴ። አገሩ ገና ከስሙ የድርሻ ነገር ነው። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ላራሽ» የሚለውን የጥንት አባባል የሚያውቅ አንባቢ፣ በዚህ አካባቢ «የማን ድርሻ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ይህን ጥያቄ በልብ ወለድ ጽሑፋችን ውስጥ ከማንም በላይ አጉልቶ ያነሣው የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን ከተማሩባቸው ቦታዎች መካከል ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ይገኙበታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋነኛ መድረኩን ያደረገው በዚሁ በዲማ ነው። እኔም መጽሐፉን በቅርቡ እንደገና ያነበብኩት ይህንኑ አገር በልቤ ይዤ ነበር። ሳነበው አንድ ነገር አስደነቀኝ፤ አንድ ነገር ደግሞ አስቆጨኝ። ያስደነቀኝ ደራሲው የጎጃምን ገበሬ ጠብ ከዘመኑ ፖለቲከኞች በተሻለ ማወቃቸው ነው። ያስቆጨኝ ደግሞ የጠቡ መነሻ የሆነችው መሬት እራሷ በመጽሐፉ ውስጥ ድምፅ የሌላት መሆኗ ነው።

መጽሐፉን የምናነበው ለሁለት ተከፍለን ነው። አብዛኛው አንባቢ፣ በተለይም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማው ትውልድ፣ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ይዞ አልቅሷል። ሌላው ወገን ደግሞ ፍቅሩን እንደ ማጣፈጫ ቆጥሮ ፊታውራሪ መሸሻንና ጉዱ ካሣን መዝዞ በማውጣት፣ መጽሐፉን የባላባት ሥርዓት ክስ አድርጎ አንብቦታል። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አዲስ አበባ አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ በዓመቱ ሲወጣ ከዚያ ሰልፍ ጋር መሰለፉ የማይቀር ነበር። ብዙ ሐያስያንም በዚያው ሰልፍ አስገብተው ትተውታል።

ነገር ግን መጽሐፉ እንዲህ አይልም። የዲማ ገበሬዎች ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር የተጣሉት መሬት ይሰጠን ብለው አይደለም። ፊታውራሪው ከልማድ ያለፈ ግብር ስለጠየቋቸው ነው። የለመድነውን እንከፍላለን፣ አዲስ የተጨመረውን ግን አንከፍልም ነው የሚሉት። ሽማግሌ መላክ ይቀድማል፤ ሽምግልናው ሲናቅ ጠቡ ወደ ጦር ያልፋል። ፊታውራሪው ሊቀጡ ዘምተው በአበጀ በለው እጅ ይማረካሉ። ይህ የመጽሐፉ ክፍል ቀልድም አለበት፣ መራራ ቁም ነገርም አለበት። የሚያሳየን ገበሬ ግን መሬት የሌለው ጭሰኛ አይደለም። በመሬቱ ላይ ባለመብት መሆኑን የማይጠራጠር፣ ከምርቱ ላይ የሚወሰድበትን ግን በልማድ ልክ እንዲሆን የሚጠይቅ ሰው ነው።

ይህ ልዩነት ለምን ያስፈልጋል ይሉ ይሆናል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል በብዙ ቦታ መሬቱ ከነዋሪው ተወስዶ ለሹምና ለነፍጠኛ ተሰጥቶ፣ ነዋሪው በገዛ አገሩ ጭሰኛ ሆኖ ነበር። ለዚያ ገበሬ «መሬት ላራሹ» ቀጥተኛ የፍትሕ ጥያቄ ነው። በጎጃም ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ርስት የሚወረሰው ከአባትም ከእናትም ወገን ነው። አንድ ሰው የዘር ሐረጉን ቆጥሮ በብዙ አባቶች መሬት ላይ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር፤ ሴት ልጅም ባለ ርስት ነበረች። ጉልት የሚባለው ደግሞ ከዚያ በላይ የተደረበ፣ ከርስተኛው ግብር የመቀበል መብት ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ በ1973 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በሰፊው አሳይቷል። በርግጥ ርስት ሁሉን እኩል አላደረገም። ጉልበትና ሹመት ያለው፣ በዳኛ ፊት መሟገት የሚችለው የበለጠ ይዟል። የሸማኔው፣ የቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ ወገን ከርስቱ ውጭ ይቀር ነበር። ሆኖም የብዙኃኑ ገበሬ ጠብ ከጉልተኛው እጅ ርዝመት ጋር እንጂ ከመሬቱ ባለቤትነት ጋር አልነበረም። ሐዲስ ይህን ያውቁ ነበር፤ የጻፉትም ያወቁትን ነው።

እውነተኛነታቸውንም ታሪክ ወዲያው መሰከረላቸው። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ መንግሥት አዲስ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አወጣ። ግብሩ በወረቀት ሲታይ ከአሮጌው ይልቅ ለድሀው የሚሻል ይመስል ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ግብር ለመመደብ የመጣውን ኮሚቴ የተቀበለው በጥርጣሬ ነበር። ዛሬ ምርቱን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል፣ የለካም ይወስዳል ብሎ ፈራ። በሞጣ፣ በብቸናና በደጋ ዳሞት ዐመፅ ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሥተው ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ግብር ማሩ። የአበጀ በለው ታሪክ ከልብ ወለድ ወጥቶ አገር ላይ የተደገመ ያህል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ምስጋና ነው። አሁን ወደ ቁጭቴ ልመለስ።

በዚህ ሁሉ ጠብ መካከል «መሬቷስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ጉዱ ካሣ እንኳ፣ ያ ከልማድ ሁሉ ጋር የተጣላ ሰው፣ የሚሟገተው ሰው በሰው ላይ ስለሚጭነው ቀንበር ነው። ማሳው ስንት ዓመት ሳያርፍ እንደታረሰ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው አፈር በክረምት ወዴት እንደሚሄድ፣ ዛፉን ማን እንደቆረጠውና ማን እንደሚተክለው አይነሣም። ሰብለ ወንጌል ስሟ ከሰብል የመጣ ነው፤ ሰብሉ የበቀለበት አፈር ግን ስም የለውም። ጉንደ ወይን ያለችው ጮቄ በምሥራቅ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርድበት ገጽ ላይ ነው። እነሙጋና እነሱሃ ከዚያው ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚገሰግሱ ወንዞች ናቸው። በክረምት ቀልተው የሚወርዱት የገበሬውን ማሳ ተሸክመው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከወሰዱት በላይ የሚወስደው ግብረኛ ይህ ነው፤ ሽማግሌ ቢላክበት አይሰማም።

አንድ አንባቢ «ልብ ወለድ የግብርና መማሪያ አይደለም» ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል። እውነት ነው። በ1958 ዓ.ም. ጮቄ ላይ ያለው ጅብራና አስታም የዛሬን ያህል አልተመናመነም ነበርና፣ የዛሬውን ጭንቀት ወደ ኋላ ወስጄ ደራሲውን በእርሱ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ክሴ ግን በደራሲው ላይ ሳይሆን ከእርሳቸው በኋላ በመጣነው ላይ ነው። እርሳቸው «ከመሬቷ ማን ይበላል?» የሚለውን ጥያቄ አደላድለው አስረከቡን። እኛ ስድሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ላይ ቆመን ቀረን። ሁለቱ ጥያቄዎች ደግሞ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ከራሱ ከገበሬው ታሪክ መማር እንችል ነበር።

ታሪኩን እንየው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጉልተኛውን አስወገደ፤ መሬቱንም የሕዝብ ሀብት አደረገ። ርስት የሚለው መብት ግን አብሮ ሄደ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ወንበር የተቀመጠው «ቢሮክራት»፣ የድሮው ባላባት ልጅ ደግሞ «የፊውዳል ቅሪት» ተብሎ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ። መሬት የሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች ማግኘታቸው ፍትሕ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ቤተሰቡን በ1 ሄክታር የሚያስተዳድር ገበሬ በስም ብቻ ጌታ ተብሎ ሲቀጣ፣ አቤት ለማለት ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ። ገመዱ በ1960 የተፈራውን ያህል በ1989 ዓ.ም. መጣ ማለት ነው።

ገመድ የሚፈራ ሰው እርከን አይሠራም። ነገ ለሌላ የሚሰጥ ማሳ ላይ ድንጋይ የሚደረድር ማን ነው? በደርግ ዘመን በእህል ለሥራ የተሠራው እርከንና የተተከለው ደን በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን በብዙ ቦታ የፈረሰውና የተጨፈጨፈው፣ ገበሬው ጥቅሙን ስላላወቀ ብቻ አልነበረም። የእኔ ነው ብሎ አልቆጠረውም። በአንጻሩ ገበሬው ማንም ሳያዝዘው በየደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ አጠገቡ ያለውን ሰብል ይጎዳል እየተባለ ዘወትር ይወቀሳል፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። ሆኖም የተከለው ሰው ሞኝ አይደለም። ለቤት ክዳን፣ ለማገዶ፣ ለክፉ ቀን ገንዘብ ቶሎ የሚደርስለት እርሱ ስለሆነ ነው። ረጅም ዕድሜ የሚፈልገው ወይራና ጥድ በብዛት የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። በዚያ ውስጥ ያለው መሬት የማን እንደሆነ፣ ነገም የማን እንደሚሆን ማንም አይጠራጠርም።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ ይህንን ሥጋት ለማቅለል ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ በምሥራቅ ጎጃም አዲስና ጉሊት ቀበሌ ነው። የባልና የሚስት ስም አብሮ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው። ደብተር ያገኙ የክልሉ ገበሬዎች አፈራቸውን ለመጠበቅ ይበልጥ እንደሠሩ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ደብተሩ ግን ለወጣቱ መሬት አይወልድም። አባቱ የያዘውን ጥቂት ጥማድ ከወንድሞቹ ጋር ተካፍሎ የሚቀረው ልጅ፣ ወይ ወደ ገደሉ ጠርዝ ወጥቶ ያርሳል፣ ወይ ከተማ ወርዶ ይሸከማል። የድርሻ ጥያቄና የአፈር ጥያቄ በዚህ ልጅ ላይ አንድ ሆነው ይገናኛሉ።

እንግዲህ የጽሑፋችን ጉድለት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ይህ ልጅ በልብ ወለዳችን ውስጥ ገና አልተወለደም። ገጠሩን የሚጽፍ ደራሲ ሲገኝ ወይ የፊታውራሪ መሸሻን ጥላ እንደገና ይስላል፣ ወይም ገጠሩን የናፍቆት ሥዕል አድርጎ ለምለም ሣርና የእረኛ ዋሽንት ይሞላበታል። አንደኛው ጌታን ብቻ ያያል፤ ሁለተኛው ማንንም አያይም። በሁለቱም ውስጥ መሬቷ መድረክ እንጂ ባለታሪክ አይደለችም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ትተውልናል። እርሱም ትዕግሥት ነው። የግብሩን ዓይነት፣ የሽምግልናውን ወግ፣ የጌታውን ኩራት፣ የገበሬውን ዘዴ አንድ በአንድ ያሳያሉ እንጂ መፈክር አያሰሙም። አንባቢ የሚያምናቸውም ስለዚህ ነው። ያንኑ ትዕግሥት ወስዶ ስለ አንድ ማሳ የሚጽፍልን እንፈልጋለን። በአያት ዘመን በርስት የተያዘ፣ በ1967 በአዋጅ የተነካ፣ በ1989 በገመድ የተከፈለ፣ ከዚያ ወዲህ በደብተር የተመዘገበ፣ ዛሬ ደግሞ በሦስት ወንድማማቾች መካከል የተሸነሸነ ማሳ። ፊታውራሪም ጀግናም ላያስፈልገው ይችላል።

ጉንደ ወይን ማለት በግእዙ የወይን ግንድ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው ምርምሩን ለባለሙያ ልተወውና፣ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ግን ስሙን ሲሰማ «ግንዱስ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ደራሲዎቻችንም ድርሻውን ማን ወሰደ ብለው ከጠየቁ በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ቢጨምሩበት፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ካቆመበት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድን ማለት ነው።