ስለ ጓሳ የቄሮ ሥርዓት የተጻፈው ሲመረመር

በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አጠገብ የሚገኘው የጓሳ ደጋ ለቤት ክዳንና ለገመድ በሚሆነው ሣሩ፣ በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው የታወቀ ነው። ዘላለም ተፈራ አሸናፊና ናይጄል ሊደር ዊሊያምስ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን ምድር ለዘመናት የጠበቀው የአገሩ ሰው ራሱ ያቆመው የቄሮ ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል። በአባ ቄራው መሪነት ጓሳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈት፣ ደንብ የጣሰም ይቀጣ ነበር።

የጥናቱ ዋጋ፣ ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ሲል ላቀረበው አስተያየት ብርቱ መልስ መሆኑ ነው። ሆኖም ከዚሁ ጥናት ውዳሴውን ብቻ የሚወስድ አንባቢ ይሳሳታል። «የጋራ» የተባለው መብት ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከገራ ለሚወለድ እንጂ ለነዋሪው ሁሉ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህን ልዩነት አስቀረ፤ ነገር ግን ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ጠባቂ አጣ። ስለዚህ ዛሬ በማኅበረሰብ የሚጠበቀውን ጓሳ የሚመረምር ሰው ሣሩ መዳኑን ብቻ ሳይሆን፣ ሣሩ በሚከፈትበት ቀን ማጭድ ይዞ ለመግባት የሚፈቀድለት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል።