አራት ስፒከር ያለው አሮጌ ቴፕ ከደብረ ታቦር ማኅሌት ፊት ሲመዘን

እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና ደብረ ታቦር ኢየሱስ፣ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ቆማችኋል እንበል። በቀኝ በኩል ያለው ረድፍ ዜማውን ይጀምራል፣ በግራ በኩል ያለው ይቀበላል። ከበሮው ከመሃል ይመታል። ከኋላችሁ እልልታ ይሰማል። ማን የት እንደቆመ ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። አሁን ያንኑ ማኅሌት በስልክ ቀድታችሁ ቤት ውስጥ ክፈቱት። ምን ሰማችሁ? ሁሉም ነገር ከአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ዜማው አለ፤ ቦታው ግን የለም።

ይሄው የቦታ መጥፋት ከሃምሳ ዓመት በፊት የአሜሪካና የጃፓን መሐንዲሶችንም እንቅልፍ ነስቶ ነበር። መልሳቸው «ኳድራፎኒክ» ይባላል፤ በክፍሉ አራት ማዕዘን አራት ስፒከር አስቀምጦ አድማጩን መሃል ማስገባት ነው። ዛሬ የምንመዝነው ማሽን የዚህ ሐሳብ ልጅ የሆነው ባለ ስምንት ትራክ ኳድራፎኒክ ቴፕ ነው። በተለያዩ አገሮች በፍቅር የሚሰበስቡት ሰዎች አሉ። እኛ ግን ከማድነቃችን በፊት እንጠይቅ፤ የገባውን ቃል ጠብቋል ወይ?

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ባለ ስምንት ትራክ ቴፕ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በቢል ሊር ድርጅት ተሠርቶ በፎርድ መኪኖች ውስጥ ገብቶ ነው የታወቀው። ሾፌር እጁን ከመሪው ሳያርቅ ሙዚቃ እንዲሰማ የታሰበ ዕቃ ነበር። እኛ እንደምናውቀው ካሴት ሁለት መጠቅለያ የለውም፤ ያለው አንድ ብቻ ነው። ክሩ ከጥቅሉ መሃል እየተሳበ ይወጣና በሄዱ ፊት አልፎ በጥቅሉ ውጭ ላይ ተመልሶ ይጠቀለላል። መጀመሪያና መጨረሻ የለውም፤ ዙሪያውን ይሄዳል። እርስ በርሱ እየተፋተገ እንዳይያዝ ጀርባው ግራፋይት ተቀብቷል። በዚህ ምክንያት ወደኋላ ማጠንጠን አይቻልም። ለካሴት የምንጠቀምባት ቢክ እስክሪብቶ እዚህ ሥራ የላትም!

ክሩ 6.35 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ በላዩ ላይ ስምንት የድምፅ መስመሮች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይደርሰውም። በተራው ስቴሪዮ ቴፕ ስምንቱ መስመሮች በሁለት በሁለት ተከፍለው አራት ፕሮግራም ይሆናሉ። ክሩ ዞሮ ሲጨርስ የተለጠፈበት ብረት ነክ ወረቀት ለማሽኑ ምልክት ይሰጣል፤ ሄዱ «ቋ!» ብሎ ቦታውን ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ1970 አርሲኤ ይዞት የመጣው ኳድራፎኒክ ግን በአራት በአራት ከፈላቸው፤ ሁለት ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ አራት ድምፅ። ካርትሪጁ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቆረጣ «እኔ ባለ አራት ነኝ» ብላ ለማሽኑ ትናገራለች።

እዚህ ላይ ማሽኑን ማመስገን ፍትሕ ነው። በዚያው ዘመን የወጡት አንዳንድ ባለ አራት ድምፅ ሸክላዎች አራቱን ድምፅ ቀላቅለው በሁለት መስመር ካስገቡ በኋላ መልሰው ለመለየት ይሞክሩ ነበር። የተቀላቀለ ወተትና ቡና መልሶ እንደመለየት ማለት ነው፤ የኋላው ድምፅ ወደ ፊት ይፈሳል። ቴፑ ግን አራቱን ለየብቻ ይዞ ለየብቻ ይሰጣል። ሐሳቡ ንጹሕ ነው።

ነቀፌታችን ከዚህ ይጀምራል። አንደኛ፣ ለአንድ ሙዚቃ የሚያስፈልገው መስመር እጥፍ ስለሆነ በአንድ ክር ላይ የሚገባው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የሚንቀሳቀስ ሄድ ትንሽ ከተዛነፈ የጎረቤቱን መስመር ያነባል፤ ከዘፈኑ ሥር ሌላ ዘፈን ሲያንሾካሹክ ይሰማል። ሦስተኛ፣ አንዳንድ ዘፈን ፕሮግራሙ ስላለቀ ብቻ መሃሉ ላይ ይቆረጥና ከ«ቋ!» በኋላ ይቀጥላል። አራተኛው ከሁሉ ይብሳል። አራት ስፒከር በካሬ ሲቀመጥ ፊት ለፊት ያለው ድምፅ ጥሩ ነው፤ በጎን በኩል ግን ይዋልላል። ጆሯችን የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው በዋናነት በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ባለው የጊዜና የጥንካሬ ልዩነት ነው። የጊዜ ልዩነቱ ቢበዛ 0.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። በጎናችን የፊትና የኋላ ስፒከር አብረው ሲጮሁ ይህ ልዩነት ከሁለቱም ተመሳሳይ ይሆናል፤ አእምሮ በመሃላቸው ጥርት ያለ ምስል መሥራት ያቅተዋል።

ታዲያ «ያለን ጆሮ ሁለት ነው፤ አራት ስፒከር ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጆሮ ላይ በተሰኩ ሁለት ማይክሮፎኖች ቀድቶ በኢርፎን መስማት በእርግጥም ያስደንቃል። ግን ጭንቅላታችሁን ስታዞሩ ማኅሌቱም አብሯችሁ ይዞራል! በእውነተኛ ቦታ ግን ጭንቅላት ሲዞር ድምፁ ባለበት ይቆያል፤ ፊትና ኋላን የምንለይበት አንዱ ዘዴም ይኸው ነው። የአራት ስፒከር ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። በማኅሌት ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኙ ቀኝ ጌታ፣ ግራው ግራ ጌታ አለው። ስቴሪዮ ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት ቀኝና ግራ ማዕረግ ነበራቸው ማለት ነው። መቀባበሉ ጌጥ አይደለም፤ የዜማው አካል ነው። ክብ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ቅኔ ማኅሌቱ ከውጭ፣ ቅድስቱ ከመሃል፣ መቅደሱ ከውስጥ ነው። ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ መቅደሱ ዘማሪዎቹን ይከልላችኋል። ያኔ ጽናጽሉ ሲደበዝዝ ከበሮው ግን ይከተላችኋል። ለምን? 100 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ የሞገዱ ርዝመት ከ3 ሜትር በላይ ስለሆነ ግድግዳን ታጥፎ ያልፋል። 5,000 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ ግን 7 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከግድግዳው ጀርባ ጥላ ይጥላል። ይሄን ማንኛውም ሰው በእግሩ ሄዶ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ስለዚህ ትልቁ ነቀፌታዬ በአሮጌው ማሽን ላይ አይደለም፤ በእኛ ቀረጻ ላይ ነው። የኛ አገር የሙዚቃ ገበያ ከሸክላ ወደ ካሴት ሲሸጋገር ባለ ስምንት ትራኩን አልተከተለም፤ ልክም ነበር። ካሴት ያንሳል፣ ወደኋላ ይጠነጠናል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሰው የራሱን ድምፅ ይቀዳበታል። ለባሕር ማዶ ዘመድ የድምፅ ደብዳቤ የተላከው በካሴት ነው። ማኅሌቱም፣ የሠርጉ ማሲንቆም በካሴት ተቀድቷል። ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ማይክሮፎን፣ ከአንድ ቦታ ነው። ከጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት እስከ ደብረ ታቦር ድረስ በደቡብ ጎንደር የሚኖረው ትልቅ የዜማ ትምህርት በቀረጻ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲቀር፣ የነገ ተማሪ ቃሉን ይሰማል እንጂ የረድፉን አኳኋን አይሰማም። ዛሬ በስልክ ስንቀዳም ያንኑ ስህተት ነው የምንደግመው።

ዘመድ ከአሜሪካ አንድ ባለ ስምንት ትራክ ማሽን ቢልክላችሁስ? በደስታ ተቀበሉ፤ ግን ቶሎ አትሰኩት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይነካም። ብዙ የቤት ማሽኖች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ነው። ስለዚህ ስድስት ዙር መዞር ሲገባው አምስት ይዞራል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ድምፃዊቷ ከባድ ጉንፋን የያዛት ትመስላለች። ደስ የሚለው ግን ሁሉም ድምፅ በእኩል ሬሾ ስለሚወርድ ቅኝቱ አይበላሽም። የመኪናው ዓይነት በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ ይህ ጣጣ የለበትም።

ካርትሪጁንም አትመኑት። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ይበሰብሳል፣ ጎማው ይቀልጣል፣ የብረት ወረቀቱ ማጣበቂያ ይደርቃል። ሳይታደስ ከተከፈተ ክሩ ተበጥሶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በእኛ አባባል ቴፑ ካሴቱን በላው። አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አጫውቶ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ መቶ ጊዜ ከማጫወት ይሻላል። ይህ ምክር ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ላሉት ካሴቶችም ይሠራል። የጉና ብርድ ለክር አይከፋም፤ ጭስ፣ አቧራና የክረምት እርጥበት ግን ጠላቶቹ ናቸው።

ኳድራፎኒክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ከገበያ ወጣ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። በዚያው ዘመን በኦክስፎርድ ማይክል ገርዞን «ስፒከሮቹን ሳይሆን የድምፁን መስክ እንቅዳ» ብሎ አምቢሶኒክስን አመጣ፤ አራት ጆሮ ያለው አንድ ማይክሮፎን ዙሪያውን ሁሉ ይይዛል። ዛሬ በቪአር መነጽር የሚሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ በዚህ ዘዴ ይሠራል።

እናንተ ግን ያን ማይክሮፎን አትጠብቁ። አራት ጓደኛሞች ሁኑ፤ አለቃውንና መሪጌታውን አስፈቅዱ። አንዱ በቀኙ ረድፍ፣ አንዱ በግራው፣ አንዱ ከከበሮው አጠገብ፣ አንዱ ከኋላ ከምእመኑ ጋር ስልኩን ያስቀምጥ። መቅዳት ስትጀምሩና ስትጨርሱ አንድ ሰው ጮክ አድርጎ አንድ ጊዜ ያጨብጭብ፤ አራቱን ቀረጻ በኋላ የምታገጣጥሙት በዚያ ጭብጨባ ነው። ከዚያ አራት ስፒከር ፈልጉ፣ መሃል ቁሙ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ግራ ጌታው በግራችሁ ከቆመ ተሳክቶላችኋል።