ርኅራኄና ጭብጨባ

ሰውን ማክበር ማለት ዘወትር እርሱን ማመስገን አይደለም፤ ከእርሱ ብዙ መጠበቅም ማክበር ነው።

በሮቤ ከተማ አንድ ጊዜ ስለ ስደት የተደረሰ የተማሪዎች ቴያትር አየሁ። በንግግሩ መካከል ልጃገረዶች ወጥተው እንደ ባሌ ሰርግ አንገታቸውን እየሰበቁ ጨፈሩ፤ ጭፈራው ሲያልቅ ታሪኩ ከቆመበት ቀጠለ። ጭፈራው ስለ ስደተኛው አንዳች ነገር አልነገረንም። እኛ ግን «ልጆች ናቸው» ብለን አጨበጨብን፤ እኔም አጨበጨብሁ። ዛሬ ያ ጭብጨባ ያሳፍረኛል።

የሚያሳፍረኝም የእንግሊዛዊውን የውዝዋዜ አቀናባሪ የሮይስተን ማልዱምን ሥራ ካወቅሁ ወዲህ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1996 በአዲስ አበባ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ፥ ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ በደረሰው «ካርሚና ቡራና» በተባለው ታላቅ ሙዚቃ አስወዘወዛቸው። ድሆች ናቸው ብሎ ሥራውን አላቀለለላቸውም። ከዚያም ውዝዋዜን ከቴያትር ጋር የሚያዋሕድ «አዱኛ» የተባለ ጓድ ተወለደ፤ ከጓዱ የወጣው ጁነይድ ጀማል ሰንዲም ራሱ አቀናባሪ ለመሆን በቃ። እ.ኤ.አ. በ2003 በበርሊን 250 ልጆችን ሲያሠራም ማልዱም አስቀድሞ የጠየቃቸው ዝምታንና ትጋትን ነበር።

የሮቤና የጎባ ወጣቶች ሆይ፥ የእናቶቻችሁ ጭፈራ የጊዜ መሙያ አይደለም። ስደተኛው ከቤቱ ሲወጣ እናቱ ያን ጊዜ በአንገቷ ታልቅስ፤ ቃል የማይደርስበትን ሰውነት ይናገር። እኛ ተመልካቾችም ሲያምር እናጨብጭብ፥ ሲጎድል እንንገራችሁ። በርኅራኄ የተሰጠ ጭብጨባ ልጅን ባለበት ያስቀረዋልና።