ሹመት የሌለው ሥልጣን፦ ሌዲ ደፈሪን በሕንድ

የእንግሊዝ አገዛዝ በሕንድ ጦር፣ ፍርድ ቤትና ግብር ሰብሳቢ ነበረው፤ ከወንድ ዐይን ተከልለው በሚኖሩ ሴቶች እልፍኝ ግን መግቢያ አልነበረውም። ከ1884 እስከ 1888 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሕንድ እንደራሴ የነበረው የሎርድ ደፈሪን ባለቤት ሃሪየት ደፈሪን እዚያ መግባት የቻለችው ሹመት ስላልነበራት ነው። የአየርላንድ ባለርስት ቤተሰብ ልጅ የሆነችው ይህች እመቤት በታሪክ መጻሕፍት አንዴ ከድግስ፣ አንዴ ከምጽዋት ጋር ትነሣለች። ሁለቱም ያሳንሷታል፤ የሠራችው የመንግሥት ሥራ ነበርና።

በንግሥት ቪክቶሪያ አሳሳቢነት በ1885 የመሠረተችው ማኅበር ሴቶችን ሕክምና ለማስተማር፣ ሆስፒታልና ክሊኒክ ለማቋቋም፣ ነርሶችንና አዋላጆችን ለማሠልጠን የቆመ ነበር። ገንዘቡ በአብዛኛው ከመዋጮ የመጣ ሲሆን፣ የሕንድ መሳፍንት እጃቸውን ዘርግተዋል። በእንደራሴው ሚስት ስም ለሚሰበሰብ ገንዘብ መስጠት ከቤተ መንግሥቱ ጋር መቀራረቢያ መሆኑን ሰጪውም ተቀባዩም ያውቁ ነበር። የመንግሥት ሥራ ለመሆኑ ከዚህ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን የማኅበሩ ደንብ ነው። ስብከት በሥራው እንዳይገባ ከልክሏል፤ ሴት ሐኪሞችን ወደ ሕንድ ቀድመው የላኩት ሚሲዮኖች ደግሞ ሕክምናን ከስብከት አይለዩም ነበር። ከ1857ቱ አመፅ ማግስት ንግሥቲቱ መንግሥቷ በሃይማኖት ጣልቃ እንደማይገባ በአዋጅ ቃል ስለገባች፣ ሚስትየዋ «በግሏ» ያቋቋመችው ማኅበር በዚያው አዋጅ መንገድ ሄደ።

እዚያው 1885 ላይ ባሏ በርማን ወረረ፤ ንጉሥ ቲባውና ንግሥት ሱፓያላት ወደ ሕንድ ተጋዙ። በ1886 መጀመሪያ ሃሪየት ባሏን ተከትላ ባዶውን የማንደሌይ ቤተ መንግሥት ጎበኘች። በ1888 ባልየው ማርኪስ ሲሆን የድሮዋ የበርማ መናገሻ የአቫ ስም በማዕረጉ ተጨመረ፤ እርሷም የደፈሪንና የአቫ ማርኪዝ ተባለች። የሴቶች ሐኪም ቤት መሥራችነቷና ከንግሥት ሱፓያላት አገር የተወሰደው ማዕረጓ ከአንድ ጋብቻ የተገኙ ናቸውና ለያይቶ ማንበብ አይቻልም።

ይህ ፍርድ ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ በወሊድ የሚሞቱ እናቶች ሐኪም ያስፈልጋቸው ነበር፣ ጥያቄውም ከራሳቸው ከሕንዳውያን መጣ ይላሉ። እውነት ነው። የፓና ንግሥት በሚሲዮናዊት ሐኪም ኤልሳቤጥ ቢልቢ እጅ ለቪክቶሪያ መልእክት የላከችው ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት ነው። የሃሪየትንም ቅንነት የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ቅንነቷ የሥራውን አደረጃጀት አይለውጠውም። የሕንዳዊቷ ሴት አቤቱታ መልስ ያገኘው በእንደራሴው ሚስት ስም ሲሆን ነው፤ በሆስፒታሎቹም ሴት ሐኪሞች በወንድ የመንግሥት ሐኪሞች ቁጥጥር ሥር መዋላቸው የዘለቀ ቅሬታ ሆኗል።

ጉዳዩን ከሁሉ በላይ የምታሳየው ሕንዳዊቷ ሐኪም ካዳምቢኒ ጋንጉሊ ናት። በካልካታ ሕክምና ተምራ በ1888 በሌዲ ደፈሪን ሆስፒታል ተቀጠረች፤ ያለ ማኅበሩ ይህ በር ባልተከፈተላት ነበር። ሆኖም ያገር ቤት ትምህርቷ ከአውሮፓ ዲፕሎማ እኩል አልተቆጠረላትም። ልጆቿን ትታ በ1893 ወደ ብሪታንያ ተሻገረች፤ የስኮትላንድን የሐኪምነት ፈቃዶች ይዛ ተመለሰች።