በጅምላ የማይፈረድባቸው ፕሮቲኖች፦ ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮችና ካንሰር

ስለ ካንሰር በሚጻፉ ጥናቶች ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች ሁለት ስም ወጥቶላቸዋል፤ አንዱ «የበሽታው አዛዦች»፣ ሌላው «መድኃኒት የማይደፍራቸው»። ከዲኤንኤ ጋር ተጣብቀው የትኛው ዘረመል እንዲሠራ፣ የትኛው እንዲያርፍ የሚወስኑት እነዚህ ፕሮቲኖች በሰው ልጅ ዘንድ ወደ 1,600 ይጠጋሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ፍርድ መጠቅለል ግን ማስረጃው አይፈቅድም።

አዛዥነቱ ጎልቶ የሚታየው በቡርኪት ሊምፎማ ነው። ሐኪሙ ዴኒስ ቡርኪት እ.ኤ.አ. በ1958 የዩጋንዳ ሕፃናትን መንጋጋ ሲያሳብጥ አይቶ በገለጸው በዚህ ዕጢ፣ 8ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ማይክ የተባለውን ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚያስገኘው ዘረመል አብዛኛውን ጊዜ ወደ 14ኛው ተሻግሮ ከአንቲቦዲ ዘረመል ጎን ይቀመጣል። ቢ ሕዋስ ዋና ሥራው አንቲቦዲ ማምረት ነውና ስፍራው ሁልጊዜ ንቁ ነው፤ እንግዳው ማይክም አብሮ ይነቃል፣ ሕዋሱም መባዛቱን አያቆምም። የፒ53 ነገር ደግሞ ተቃራኒ ነው። ከሰው ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ የሚበላሸው ይህ ፕሮቲን፣ ጤነኛ ሳለ ዲኤንኤው የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ ያግዳል። አንዱን ማዳከም፣ ሌላውን መልሶ ማቋቋም ያስፈልጋል ማለት ነው።

ካንሰር በሰውነት ውስጥ የመሠራጨቱ ታሪክ ይበልጥ አከራካሪ ነው። ስኔይል የተባለው ፋክተር ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ኢ-ካድሄሪን እንዳይመረት ያደርጋል፤ ማያያዣው ሲላላ ሕዋሱ ተነጥሎ ይጓዛል። ማብራሪያው ለማስተማር ይመቻል። ሆኖም በ2015 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት የቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ባለባቸው አይጦች ስኔይልን ወይም ትዊስት የተባለውን ሌላ ፋክተር ማስወገድ ሥርጭቱን እንዳልቀነሰ፣ ዕጢውን ግን ለኬሞቴራፒ ይበልጥ ተጋላጭ እንዳደረገው አሳየ። በ2017 ሌላ ቡድን በዚያው የካንሰር ዓይነት ዜብ1 የተባለውን ፋክተር ሲያስወግድ ሥርጭቱ ቀነሰ። ሁለቱ ውጤቶች የሚጣሉት ሁሉም ፋክተሮች አንድ ሥራ አላቸው ብሎ ለሚነሣ ሰው ብቻ ነው።

«መድኃኒት አይደፍራቸውም» የሚለውም እንዲሁ ነው። ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር የሚነሣው የሬቲኖይክ አሲድ ተቀባይ የሆነው ፋክተር ከሌላ ፕሮቲን ጋር ሲዋሐድ ነው። የሻንጋይ ሐኪሞች በ1988 የቫይታሚን ኤ ዝርያ የሆነ መድኃኒት በመስጠት ያልበሰሉት የደም ሕዋሳት እንዲበስሉ ማድረጋቸውን ጻፉ፤ ዛሬ ከአርሰኒክ ጋር ተጣምሮ አብዛኞቹን ሕሙማን ይፈውሳል። በ2021 ደግሞ ሂፍ-2 አልፋ የተባለውን ፋክተር የሚያግደው መድኃኒት ቤልዙቲፋን በአሜሪካ ተፈቀደ። ሁለቱም ፕሮቲኖች መድኃኒት የሚገባበት ጎድጓዳ ክፍል አላቸው። ለብቻው ሲሆን ቋሚ ቅርጽ የሌለው ማይክ ግን ይህ የለውም። ችግሩ ያለው በእያንዳንዱ ፕሮቲን ቅርጽ ላይ እንጂ በመደቡ ላይ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ጥናት «ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች ካንሰርን ያሠራጫሉ» ሲል አንባቢ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የትኛው ፋክተር? በየትኛው የሰውነት ክፍል? የታየውስ በአይጥ ነው ወይስ በሰው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ድምዳሜ ሕክምናን አንድ ስንዝር አያራምድም።