የደንብ ልብስ በትምህርት ቤት በር፦ የአንድ ደንብ ፍትሐዊነት ሲመዘን

የደንብ ልብስ ተማሪዎችን እኩል ያደርጋል የሚለው አስተያየት በመምህራን ስብሰባም ሆነ በወላጆች ጉባኤ ዘወትር ይሰማል። አስተያየቱ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ባለጸጋው ልጁን በየቀኑ ልብስ እየለዋወጠ ቢልክና የድኻው ልጅ በአንዱ ብቻ ቢመላለስ ክፍሉ የልብስ መፎካከሪያ ይሆናል። አንድ ዓይነት ልብስ ይህን ፉክክር ይገታል፤ ለተማሪው የአባልነት ስሜት ይሰጣል፤ ዘበኛውም ተማሪውን ከመንገደኛው ለይቶ እንዲያስገባ ይረዳል። ስለዚህ ዋናው ክርክር ልብሱ ጥቅም አለው ወይስ የለውም የሚል አይደለም። መመርመር የሚገባው፣ ደንቡን መፈጸም ያልቻለው ልጅ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። የደንቡ ፍትሐዊነት የሚለካው ለብሰው በተሰለፉት ሳይሆን ሳይለብስ በር ላይ በቆመው ልጅ ነው።

ለሁሉም በአንድ ቃል የተጻፈ ደንብ በሁሉም ላይ እኩል ይከብዳል ማለት አይደለም። በዚህ ረገድ ትምህርት የሚሰጥ ፍርድ በብሪታንያ ይገኛል። አንድ የግል ትምህርት ቤት የሲክ ሃይማኖት ተከታይ የሆነውን ልጅ፣ ጥምጥሙን ካላወለቀና ጠጉሩን ካልተቆረጠ አልቀበልም በማለቱ ክርክሩ እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ደንብ ማንንም በስም ለይቶ አልጠቀሰም፤ ልጁም ጥምጥሙን በእጁ ማውለቅ የሚሳነው አልነበረም። ዳኞቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በሰጡት ፍርድ፣ ደንቡን «መፈጸም ይችላል» ማለት በአካል ይችላል ማለት ሳይሆን የወገኑን ልማድና ሥርዓት ሳያፈርስ ይችላል ማለት እንደሆነ ተርጉመው ለልጁ ፈረዱ። ጉዳዩ የድኽነት አልነበረም። ይሁንና የአተረጓጎሙ መንገድ ለማንኛውም የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ይጠቅማል። ደንብ አውጪ «ሁሉም ይፈጽም» ከማለቱ አስቀድሞ «ማን፣ ምን አጥቶ ይፈጽማል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ከዘመን አቆጣጠሩ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል ከክፍያ ነጻ እንዲሆን ወሰነ። ሆኖም ክፍያው ቢቀርም የጨርቁ ዋጋና የልብስ ሰፊው የእጅ ዋጋ ከወላጅ ትከሻ አልወረደም። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው። በመኸር እርሻ ለሚተዳደረው ገበሬ ደግሞ መስከረም ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የተሟጠጠበት፣ አዲሱ አዝመራ ግን ገና በማሳ ላይ ያለበት ወቅት ነው። በዚያው ወር ዕንቁጣጣሽና መስቀል ይከተላሉ። ስለዚህ «ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን ጀምሮ የደንብ ልብስ ያልለበሰ አይገባም» የሚለው ማስታወቂያ ለአንዱ ቤተሰብ ቀላል ማሳሰቢያ፣ ለሌላው ግን ብድር የሚያስገባ ወይም በግ የሚያሸጥ ትእዛዝ ይሆናል። ልጆቹ ሦስት ወይም አራት ሲሆኑ ሸክሙ በዚያው ልክ ይጨምራል። በዚህ ላይ ርእሰ መምህር በተለወጠ ቁጥር ቀለሙ የሚለወጥ ከሆነ፣ ከታላቅ ለታናሽ ሊተላለፍ ይችል የነበረው ሹራብ ሳያልቅ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

የልብስ እጦት ከትምህርት ገበታ ምን ያህል እንደሚያርቅ በኬንያ የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ። ዴቪድ ኢቫንስና ሙቶኒ ንጋቲያ የመረመሩት፣ በድኻ አካባቢ ለሚገኙ ልጆች የደንብ ልብስ በዕጣ የታደለበትን አንድ ፕሮግራም ነው። ዕደላው በዕጣ በመሆኑ ያገኙትንና ያላገኙትን ያለ አድልዎ ለማነጻጸር ተችሏል። ውጤቱ እንደሚያሳየው፣ ልብሱ የደረሳቸው ልጆች ከትምህርት የሚቀሩበት መጠን በአማካይ በ37 ከመቶ ቀነሰ። አስቀድሞ ምንም የደንብ ልብስ ላልነበራቸው ደግሞ ቅነሳው 55 ከመቶ ደረሰ። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር በ328 ትምህርት ቤቶች አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናትም፣ ነጻ የደንብ ልብስ የተሰጣቸው ልጃገረዶች ትምህርት የሚያቋርጡበት መጠን በሦስት ዓመት ውስጥ ከ19 ከመቶ ወደ 16 ከመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

እነዚህን አኃዞች ዕቅድ አውጪው በጥንቃቄ ሊያነባቸው ይገባል። በመጀመሪያ፣ ኢቫንስና ንጋቲያ ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከስምንት ዓመት በኋላ ባደረጉት ክትትል፣ ልጆቹ በደረሱበት የክፍል ደረጃም ሆነ በፈተና ውጤታቸው ላይ ዘላቂ ለውጥ አላገኙም። ስለዚህ ልብስ ማደል የትምህርትን ጥራት ያሻሽላል ብሎ ከዚህ ጥናት መደምደም አይቻልም። ሁለተኛ፣ ጥናቶቹ የለኩት ደንቡ እንዳለ ሆኖ ልብስ መስጠት የሚያመጣውን ውጤት ነው፤ ደንቡ ቢላላ ወይም ቢነሣ ምን ይከተል እንደነበር አልለኩም። በመሆኑም «ልብስ ስናድል ልጆች መጡ፤ እንግዲያው ደንቡ መልካም ነው» የሚለው አነጋገር የተገለበጠ ነው። ልብስ ሲያገኝ የመጣው ልጅ፣ ልብስ ባለማግኘቱ ይቀር የነበረ ልጅ ነው። አኃዙ የስጦታውን ጥቅም ከመግለጹ በፊት ልብስ ማጣት ልጁን ያስከፍለው የነበረውን ዋጋ ይገልጻል።

የደንብ ልብስ ሥነ ሥርዓትን ያጠነክራል የሚለውም መከራከሪያ ቢሆን እንደ ተረጋገጠ ነገር ሊወሰድ አይገባም። ዴቪድ ብረንስማና ኬሪ ሮክሞር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት፣ የአሜሪካን ተማሪዎች በሚመለከት ጥናት፣ የደንብ ልብስ በጠባይም ሆነ በትምህርት መገኘት ላይ ቀጥተኛ ውጤት እንዳለው አላገኙም። የአሜሪካው ክፍል የኢትዮጵያው ክፍል አይደለም፤ ቢሆንም፣ ልጅን ከበር ለመመለስ የሚበቃ ምክንያት የሚያቀርብ ሰው ከልማድ የጠነከረ ማስረጃ ሊያቀርብ ይገባዋል።

ልጁን ከበር መመለስ ሌላም ጉዳት አለው። ልብሱን የሚገዛው ወላጅ ሆኖ ሳለ ትምህርቱ የሚቀርበት ልጁ ነው፤ ያላጠፋው ጥፋት ይቀጣበታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28፣ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር በጠበቀ መንገድ እንዲፈጸምና ልጆች ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ በየጊዜው እንዲከታተሉ እርምጃ እንዲወሰድ ያዛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ይደነግጋል። በጓደኞቹ ፊት ከሰልፍ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሰደድ ልጅ ግን ከትምህርት ቤቱ የሚማረው ንጽሕናን ሳይሆን ኀፍረትን ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» እንዲሉ፣ ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢዘጋጅ የተቀበለው ፊት ካጠቆረበት ልጁ አይቀርበውም።

መፍትሔው ደንቡን መሻር ብቻ ላይሆን ይችላል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 የትምህርት ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ወደ 600,000 ለሚጠጉ ተማሪዎች የደንብ ልብስና ደብተር በነጻ ለማቅረብ መነሣቱ፣ ደንቡን የሚያወጣው ወገን ወጪውንም ሊሸከም እንደሚችል ያመለከተ እርምጃ ነው። መንግሥት ሁሉን መሸፈን በማይችልበት አካባቢ ደግሞ ወጪውን ማቅለል ይቻላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግና ሕጉን ተከትሎ በወጣው መመሪያ፣ ትምህርት ቤቶች ልዩ ምልክት ያለባቸውን ልብሶች በጣም እንዲቀንሱና ያገለገለ ልብስ የሚገኝበትን መንገድ እንዲያመቻቹ አድርጋለች። በኢትዮጵያም ከማንኛውም ሱቅ ሊገዛ የሚችል ጨርቅ መምረጥ፣ ቀለሙን ለብዙ ዓመት አለመለወጥ፣ የጠበበውን ልብስ በወላጅና መምህር ኅብረት አማካይነት ለታናናሾች ማዳረስ፣ ለገበሬው ልጅም አዝመራው እስኪሰበሰብ ጊዜ መስጠት ከአንድ ትምህርት ቤት አቅም በላይ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ወጪ የሌለው እርምጃ አለ። ከበር የተመለሰው ልጅ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ መዝገቡ በሽታ ካስቀረው ወይም ከብት ሲጠብቅ ከዋለው ልጅ አይለየውም። ያ ምልክት ተደምሮ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ላይ ሲተላለፍ ዕቅድ አውጪው የሚያየው የልጁን ቸልተኝነት እንጂ የትምህርት ቤቱን ውሳኔ አይደለም። እንዲህ ያለ መዝገብ እውነት አይናገርም፤ ልጁ አልቀረም፤ መጥቶ ተመልሷል። ስለዚህ በልብስ ምክንያት የተመለሱ ተማሪዎች ለብቻቸው ይመዝገቡ። ደንቡ ፍትሐዊ ነው ብሎ የሚያምን ርእሰ መምህር ይህን ቁጥር ለመጻፍ የሚፈራበት ምክንያት የለውም፤ ለመጻፍ ከፈራም መልሱ ያን ጊዜ ታውቋል።