መጨረሻው የታወቀ ተውኔት እንዴት ይመዘናል?

ከአዲስ አበባ ዳር ከቂሊንጦ ተነሥቶ ብሔራዊ ቲያትር ድረስ ሄዶ ተውኔት የሚያይ ሰው አስቸጋሪ ዳኛ ነው። ስመ ጥሮቹ ቲያትር ቤቶች ሁሉ መሐል ከተማ ናቸው። እሱን ደግሞ ሲወጣ የቃሊቲ ታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ ከቃሊቲ ወዲያም ሌላ ታክሲ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛው ገቢር ላይ ሰዓቱን ማየት ከጀመረ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ሴራው ላልቷል።

ተውኔት ሲሞገስ «መጨረሻው ያልተጠበቀ ነው» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ይህን ሙገሳ አልወደውም። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» መጋረጃው ሳይከፈት መጨረሻው የታወቀ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት መገደላቸውን የማያውቅ ተመልካች አዳራሹ ውስጥ አይገኝም። ይሞቱ ይሆን ወይ ብሎ ልቡ የሚሰቀል የለም። ታዲያ ሰውን ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጠው ምንድን ነው?

ጣልያኑ ከጳጳሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ አርበኞቹን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲሰብኩ። መልሱ እምቢ ነው፤ አለቀ። ግጭቱን እዚህ ላይ ብቻ የተከለ ጸሐፊ አንድ ትዕይንት ጽፎ ብዕሩን ያስቀምጥ ነበር። ጸጋዬ ጳጳሱን ያፋጠጣቸው ከእመ ብርሃን ጋር ነው። በዚያ በታወቀው መነባንብ አገራቸው ስትጠቃ ዝም ማለቷን ይወቅሷታል፤ መልሰው ደግሞ ጽናት ይለምኗታል። የሚወቅሷትም የሚማጸኗትም እሷኑ ስለሆነች ሌላ መሸሻ የላቸውም። ይህን ሚና የሚጫወት ተዋናይ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እንደ ሐውልት ደረቱን ነፍቶ ከቆመ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያስገመግም ተውኔቱን ገድሎታል። ሥጋቸው ሲፈራ ማየት አለብን። ካልፈሩ ምኑን አሸነፉት?

ጩኸትን በተመለከተ ቂሊንጦ መኖር ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ማረሚያ ቤቱ እዚሁ ነው፤ ጉዳያቸው በቀጠሮ ላይ ያለ ሰዎች ይታሰሩበታል። ስንቅ አንጠልጥሎ የሚመላለስ ዘመድ ታክሲ ውስጥ ሲያወራ የሚሰማው ስለ ሹራብ፣ ስለ ምሳ ዕቃው ክዳን፣ ስለ ቀጠሮው ቀን ነው። ዋናውን ነገር አያነሣውም፤ ግን ሁሉም ቃል ውስጥ አለ። መድረክ ላይ እስረኛና እናቱ ተገናኝተው ለአዳራሹ ጣሪያ ሲጮኹ ባየሁ ቁጥር ጸሐፊው ታክሲ ተሳፍሮ ያውቅ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

በኮሜዲም ቢሆን ሚዛኑ አይለወጥም። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ ተምሮ የመጣ የባላባት ልጅ አገልጋዩን ላግባ ይላል፤ አክስቱ እንዴት ተደርጎ ትላለች። ሰነፍ ጸሐፊ አክስቲቱን ጅል አድርጎ ለሳቅ ይሰጣት ነበር። እኔ ይህን ተውኔት የምመዝነው አክስቲቱ ስትናገር አዳራሹ ውስጥ «እውነቷን እኮ ነው» የሚል ሹክሹክታ በመሰማቱ ነው። ካልተሰማ ግጭት የለም፤ ያለው ስብከት ነው።

አሁን ወደ «ኦቴሎ» ልሂድ፤ ጸጋዬ ወደ አማርኛ መልሶት የእኛም ሆኗል። ማንኛውንም ሴራ የምፈትንበት ጥያቄ አለኝ፦ ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብለው አምስት ደቂቃ ቢነጋገሩ ነገሩ ያልቃል ወይ? የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን በአብዛኛው በአንድ የስልክ ጥሪ ያልቃሉ። ኦቴሎ ግን ሚስቱን ዴዝዴሞናን ከምክትሉ ከካሲዮ ጋር ሲጠረጥር ለምን ካሲዮን ጠርቶ አይጠይቀውም? ጥርጣሬውን የዘራበት ኢያጎ መጠየቁን ራሱን ውርደት ስላደረገበት ነው። የጦር አዛዥ ነው፤ ለአገሩ ባዕድ ነው፤ «ሚስቴን ነክተሃል?» ብሎ ከአፉ ማውጣት ሞቱ ነው። መንገዱን የዘጋው የገጸ ባሕርዩ ጠባይና ቦታ ነው እንጂ የጸሐፊው ፍላጎት አይደለም።

ሦስተኛው ገቢር ላይ ያለውን የመሐረብ ነገር ልብ በሉ። መሐረቡ የወደቀው ዴዝዴሞና የባሏን ራስ ምታት ልታስታግስ ግንባሩን ልታስርበት ስትል ነው። ደንገጡሯ ኤሚሊያ አነሣችው፤ ለባሏ ለኢያጎ ሰጠችው፤ እሱም ካሲዮ ቤት ጣለው። ከዚያ ኦቴሎ መጥቶ «መሐረቡን አምጪ» ይላል። እሷ ነገሩን ለማለዘብ፣ ከሹመቱ ለተሻረው ለካሲዮ እየማለደች «ይልቅ የካሲዮን ጉዳይ እንጨርስ» ትላለች። «መሐረቡን!» «ከካሲዮ ጋር ታረቅ እንጂ።» እሱ በጠየቀ ቁጥር እሷ የምታነሣው ያንኑ ስም ነው። በእሷ በኩል ደግነት ነው፤ በእሱ ጆሮ ጥፋትን የማመን ቃል ነው። አንድ ንግግር ለሁለት ሰው ሁለት ነገር ሲሆን፣ ተመልካቹም ሁለቱን እያወቀ መካከል መግባት ሲያቅተው፣ ያኔ የታክሲውን ሰልፍ የሚያስታውስ የለም። ጸሐፊው ማንንም አላስጮኸም፤ ቢጮኹ እንኳ ጩኸቱ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ዓይናችሁን ከባልና ሚስቱ አንሡና ኤሚሊያን ተከተሉ። እዚያው ትዕይንት ላይ አለች። ዴዝዴሞና መሐረቡ የት ወድቆ ይሆን ብላ ስትጠይቃት «እንጃ እመቤቴ» ያለችው እሷ ናት። ከዚያ ኦቴሎ ሲቆጣ ቆማ ትሰማለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ሴራው ይፈርሳል፤ አትተነፍስም፤ ባሏ ነዋ የወሰደው። በዚህ ሰዓት ተዋናይቷ እጇን የት እንዳደረገች፣ ወደ ማን እንደምታይ፣ ልትናገር ብላ መመለሷ ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ። አዘጋጁ ኤሚሊያን እንደ አጃቢ ከኋላ ጥግ ካቆማት ተውኔቱን በደንብ አላነበበውም።